የሜዳዋ ሙሽራ የተኮሰችው ቋሊማ

ደረቀ! እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ደረቀ! ሳይሻግት፣ ሳይሰነጠቅ፣ እንደ ጠፍር ሳስቶ፣ እንደ ቆየ ወይን ጠቁሮ ደረቀ! ትናንት በጥምቀት ማግስት፣ በዮሐንስ ዕለት ሰሃኑ ሦስቴ ተሞልቶ ሦስቴ ባዶ ተመለሰ። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ሰዉ አፍሮ እጁን እንደ መሰብሰብ ጭራሽ ከወንበሩ ተነሣ።

የማን ቋሊማ መሰላችሁ? የእማማ ሩሳንዳ ትላላችሁ። አይደለም። ከግቢያቸው በግንብ የምትለየው የቫስካ? የእሷም አይደለም። የፔርሲዳ ነው! አዎ፣ የሜዳዋ ሙሽራ የፔርሲዳ!

ሙሽራ ስላት ጉብል እንዳትመስላችሁ። ፔርሲዳ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፣ ከጎማ ፋብሪካው ጡረታ ወጥታ ሁለት ልጆች ድራለች። ግን በእኛ ከተማ፣ በፒሮት፣ በተለይም በቲያባራ ሰፈር፣ አንዴ ሙሽራ ሆና የገባች ሴት አማቷ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሙሽራ ናት። እሷ ደግሞ የመጣችው ከሩቅ ነው፤ ከሰሜን፣ ከዚያ ዶሮ እንኳ ወጥታ የምትጮህበት ጉብታ ከማይገኝበት ሜዳ። የእማማ ሩሳንዳ ልጅ ስሬትኮ ለውትድርና ሄዶ ነው ያገኛት። ይዟት ሲመጣ አውቶቡሱ ከገደሎቹ መሃል ወጥቶ ሸለቋችን ፊቷ ሲዘረጋ፣ ግራና ቀኝ ተራራውን አየችና «አሁን በየት ነው የምንወጣው?» አለችው አሉ። እሱም «ማን ይወጣል? ገባን እኮ!» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

እንግዲህ በመጣች በመጀመሪያው መከር ነው ጉድ የፈላው። የእማማ ሩሳንዳ ወጥ ቤት በሴቶች ተሞልቷል። የፍየሉ፣ የበጉና የበሬው ሥጋ ተከትፎ በገንዳ ተቀምጧል፤ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ተዘጋጅቷል። ፔርሲዳ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ደስ ልታሰኛቸው ፈልጋ፣ ጮክ ብላ ጠየቀች።

«የአሳማ ስቡስ የት አለ? ምን ያህል እንጨምር?»

ከአንዷ እጅ ማንኪያ ወደቀ። በእኛ ሸለቆ በዚያ ቋሊማ ውስጥ የአሳማ ነገር ቀርቶ የበጉ የራሱ ስብ አይገባም። ሴቶቹ ጠዋቱን ሙሉ አጎንብሰው ስቡንና ጅማቱን በጣታቸው ሲለቅሙ ነው የዋሉት፤ ስብ ያለበት ቋሊማ አይደርቅምና! እማማ ሩሳንዳ ገንዳውን ሳብ አድርገው ከሙሽራዋ አራቁት።

ያቺ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተወራች። በሰርግ ተወራች፣ በለቅሶ ቤት ተወራች። ፔርሲዳ ራሷም አብራ ትስቃለች። አንጀት እንድታጥብ፣ ሥጋ እንድታሽ፣ ገንዳ እንድትፈትግ ተፈቀደላት። መተኮሱን ግን ማንም አላስነካትም።

መተኮስ የምንለው ይህ ነው። ቋሊማው እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ተቆልምሞ በረንዳ ላይ ይሰቀላል። ነፋሱ ቆዳውን ያዝ ሲያደርገው ይወርድና ጣውላ ላይ ተደርጎ በጠርሙስ ይዳመጣል፤ አየሩና እርጥበቱ እንዲወጣ። ከዚያ ይሰቀላል፤ ደግሞ ይወርዳል፤ ደግሞ ይዳመጣል። ይህ ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ፣ ከስታራ ፕላኒና ተራራ የሚወርደውን ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ እስኪጠግብ ድረስ ነው። ሥጋው ከማንም ቢሆን፣ በርበሬው ከየትም ቢመጣ፣ ቋሊማው የሚጠራው በተኳሿ ስም ነው።

ስለዚህ በጥምቀት ማግስት፣ የቤቱ ዝክር በሆነው በዮሐንስ፣ ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች ቁጭ ብለው የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲቀምሱ «የማን እጅ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እማማ ሩሳንዳም «የኔ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?» ይላሉ። ፔርሲዳ ሰሃኑን ይዛ ቆማ ይህን ስትሰማ ኖራለች። ጎረቤት ወዳታል፣ ቋንቋችንን እንደኛ እየጎተተች ትናገራለች፣ ልጆቿ የዚሁ ሸለቆ ልጆች ናቸው። ያቺን አንዲት መልስ ግን አንድ ቀን ስለ እሷ ስትነገር መስማት ትመኝ ነበር። ለማንም አልተናገረችውም። እኔ ጎረቤታቸው ያወቅሁት ከሰሃኑ አያያዟ ነው።

ዘንድሮ በመከር እማማ ሩሳንዳ በሰማንያ አራት ዓመታቸው መሰላል ላይ ወጡ። ለምን ቢባል፣ ጫፉ ቅርንጫፍ ላይ የቀሩት ፖሞች ወፍ ሊበላቸው ነው ብለው። ፖሞቹን ይዘው ወረዱ፤ አወራረዱ ግን በመሰላሉ በኩል አልነበረም። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረና በጄሶ ታሰረ። ፖሞቹ አልተሰበሩም፤ ሐኪም ቤት ድረስ በጉያቸው ይዘዋቸው ሄደዋል።

ሥጋው በሚከተፍበት ሳምንት ጄሶውን ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አደረጉና ተናገሩ።

«ዘንድሮ ይቅር። ለዮሐንስ ከቫስካ ይገዛል።»

«ይገዛል?» አለ ስሬትኮ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ስሬትኮ በአንድ ክብሪት ሁለት ሲጋራ የሚለኩስ ቆጣቢ ሰው ነው።

«እኔ እተኩሰዋለሁ» አለች ፔርሲዳ።

«አንቺ?»

«እጅ አለኝ እማማ፤ ጠርሙሱም አለ።»

«አፍም አለሽ፤ እኔን የሚያሰጋኝ እሱ ነው» አሉ እማማ ሩሳንዳ። ቢሆንም ከቫስካ መግዛት የሚለው ነገር ለራሳቸውም ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ነበርና እሺ አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገቧ ወንበር አስቀምጠው ነበር የሚውሉት።

«ቀስ! የባልሽ ሸሚዝ አይደለም!»

«ቀስ እያልኩ ነው እማማ።»

«ከመሃል ወደ ጫፍ! ከጫፍ ወደ መሃል ከገፋሽው አየሩ በየት ይውጣ? በጆሮሽ?»

«በእርስዎ ጆሮ እየወጣ ነው መሰለኝ፣ እንዲህ የቀሉት።»

«ተመልከቷት! ሙሽራ እያለች ዝም ትል ነበር እኮ!»

«ዛሬስ ምንድን ነኝ?»

እማማ ሩሳንዳ ወደ ጠርሙሱ አመለከቱ።

እንግዲህ ስሕተቱን ልንገራችሁ። የሞኝ ስሕተት አይደለም፤ የቆጣቢ ስሕተት ነው። ላይኛው በረንዳቸው የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ፊቱ ወደ ወንዙ፣ ወደ ኒሻቫ የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት። በመስከረም ስሬትኮ ከፈረሰ ሕንፃ የወጡ መስኮቶች በነጻ አገኘ። በነጻ! ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰ። በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር በመስታወት ዘጋው። የምድጃው ሙቀት አልወጣ አለ፤ እንጨቱ ተረፈ። እማማ ሩሳንዳ በመስታወቱ የሚገባውን ፀሐይ እየሞቁ እንደ ድመት ማንቀላፋት ጀመሩ። ቋሊማውም እዚያው፣ ከራሳቸው በላይ ተሰቀለ። ሦስቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኛም ቀንተን ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ የደቡቡ ነፋስ መጣ። የወደቀው በረዶ ቀለጠ፤ ጭጋጉ ሸለቆው ላይ እንደ ድስት ክዳን ተደፋ። ከላይ ወይን እርሻው ጋ የወጣ ሰው ፀሐይ እየሞቀ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ጫፍ ብቻ ነበር የሚያየው፤ እኛ ደግሞ ከታች መብራት አብርተን ምሳ እንበላለን። እንዲህ ያለ ወራት ለቋሊማ ጠላት ነው።

አንድ ጠዋት ፔርሲዳ ቋሊማዎቹን ልታወርድ እጇን ስትሰድ ጣቷ ተጣበቀ። መነጽሯን ጠርጋ አየች። ቆዳው እንደ ሙጫ ሆኗል፤ የተቆለመመው ቦታ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቷል። ጨርቅ በኮምጣጤ ነክራ አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። በማግስቱ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ጠረገች።

«ምን ይሸተኛል?» አሉ እማማ ሩሳንዳ ከወንበራቸው።

«ኮምጣጤ ነው። መስታወት ልጠርግ ብዬ።»

«ሙሽራ፣ እጄ ነው የተሰበረው፤ አፍንጫዬ ደህና ነው።»

ፔርሲዳ አንዱን ቋሊማ አውርዳ ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። አሮጊቷ በግራ እጃቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ሰጧት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«የሜዳ ነገር ነው፣ ምን ይደረግ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ወራቱም ክፉ ነው። ለዮሐንስ ከቫስካ እንገዛለን።»

ያን ቀን ፔርሲዳ ልብስ አጥባ ልታሰጣ ግቢ ወጣች። ግቢው ጭጋግ ነው፤ ልብሱን ይዛ ወደ ላይ፣ ወደ በረንዳው ልትመለስ ስትል ቀና አለች። በቫስካ ክፍት በረንዳ ላይ የተሰጣ አንሶላ ይርገበገባል። ፔርሲዳ ቆመች። በጭጋግ ነፋስ አለ እንዴ? ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ላይ ዘረጋች። ምንም የለም። ወደ ራሷ በረንዳ አየች፤ በመስታወቱ ውስጥ የስሬትኮ ካልሲ እንደ ሞተ ዓሣ ተንጠልጥሏል፤ በመስታወቱ ላይ ውኃ ይወርዳል። እንደገና ወደ ቫስካ አየች። አንሶላው ይርገበገባል። ያን ጊዜ ገባት። ነፋሱ ከወንዙ ላይ፣ ከገደሎቹ ወገን፣ ከጭጋጉ ሥር እየተሳበ ይመጣል፤ ግቢው ውስጥ ግንቡ ይከልለዋል፤ ላይ ግን በረንዳው ፊት ለፊት ይቀበለዋል። የድሮ ሰዎች በረንዳውን ወደዚያ ያዞሩት ለውበት አልነበረም! የእነሱ ቋሊማ ደግሞ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ የሾርባውን እንፋሎት፣ የገላቸውን ሙቀት፣ የእማማ ሩሳንዳን ትንፋሽ ጭምር ሲጠጣ ነው የከረመው።

ምሳ ላይ ተናገረች።

«መስኮቱ ይውጣ።»

ስሬትኮ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የትኛው መስኮት?»

«የበረንዳው። ሁሉም።»

«ሴትዮ፣ ታኅሣሥ እኮ ነው! የቆጠብኩት እንጨት ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጨሳል!»

«እሺ፣ እንጨቱን ለዮሐንስ እንግዶች አቅርበው። ስስ ስስ አድርገህ ቁረጥላቸው።»

«እማዬ፣ አንድ ነገር በያት እንጂ አንቺ!»

እማማ ሩሳንዳ «መስኮቱ አይነካም» አሉ። «ፀሐዬን ነው የምታወጣብኝ? ለተበላሸ ነገር ብላ?»

ፔርሲዳ ዝም አለች። ሁሌም ዝም ካለች ነገሩ አለቀ ማለት ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ሾርባቸውን በሰላም ጨረሱ።

በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት እናትና ልጅ ዘመድ ቤት ለዝክር ከወንዙ ማዶ፣ ፓዛር ሰፈር ሄዱ። ፔርሲዳ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። በሩ ሲዘጋ ከስሬትኮ ሣጥን ካቻቢቴ አወጣች። ያን ጊዜ እኔም በመንገዱ ሳልፍ በረንዳው ላይ ስትታገል አየኋት፤ ብሎኑን በጥርሷ ይዛ፣ መስታወቱን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እያለከለከች። «ሌባ ገባ ብዬ ልጩህ?» ስላት ብሎኑን ከአፏ አወጣችና «ጩህ፣ ግን መጀመሪያ ይህንን ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት። ምን ላድርግ?

እማማ ሩሳንዳ ተመልሰው ደረጃውን ወጡ፤ በረንዳው አፉን ከፍቶ፣ መስኮቶቹ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቋሊማዎቹ በነፋስ እየተወዛወዙ አገኙት። ፔርሲዳ መሃል ላይ ቆማለች። ወደዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ሳትጠይቅ ያደረገችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ስሬትኮ አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ ጄሶውን ደረቱ ላይ አሳረፉበት።

አሮጊቷ ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለት ካፖርት ደርበው፣ በራሳቸው ላይ ሻሽ ጨምረው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተመልሰው ወጡ። ወንበራቸውን ቀድሞ ከነበረበት ቦታ አስቀምጠው ተቀመጡበት። ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አፍንጫቸው ወዲያው ቀላ።

«ቆይ» አሉ። «ይሄ ነፋስ እኮ ነበር። ረስቼው!»

ከዚያም ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምን ትገተሪያለሽ? ጣውላውን አምጪና ጀምሪ» አሏት።

ለገና ሰማዩ ጠራ። ውርጩ ወረደ፤ የኒሻቫ ዳር ዳሩ በረዶ ሠራ፤ የከተማችን አሮጌ ምሽግ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ስኳር የተነሰነሰበት መሰለ። ፔርሲዳ ቋሊማውን በየቀኑ እያየች ኮምጣጤ እያስነካች፣ እየዳመጠች፣ እያዞረች፣ ወደ ነፋሱ የሚያየውን ወደ ቤት እየመለሰች ሰነበተች። እማማ ሩሳንዳ ካፖርታቸውን ደርበው አጠገቧ ያስነጥሳሉ። «ይግቡ እማማ፣ ይታመማሉ» ስትላቸው፣ «አንቺን ማን ይቆጣጠር?» ይሏታል። ስሬትኮ እንጨት ሲሸከም ያጉረመርማል፤ ግን ሲያልፍ አንዱን ቋሊማ በጣቱ ነካ ያደርግና ቅንድቡን ያነሣል። የታዩት ነጠብጣቦች ደርቀው ጠፉ። ቆዳው ሽምቅቅ ብሎ ሥጋው ላይ ተለጠፈ።

ትናንት ታዲያ ዮሐንስ ሆነ። ካህኑ ባርከው ሄደዋል፣ ሻማው በርቷል፣ ዋልነትና ስኳር የገባበት የስንዴ ንፍሮ ቀርቧል፣ ስሬትኮ ዳቦውን በመስቀል ቅርጽ ቆርጦ ወይን አፍስሶበታል። እኛም ሳንጠራ ሞላን፤ ዔሊ የተሸመነበት ምንጣፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ተቀመጥን። የእማማ ሩሳንዳ ጄሶ ከተፈታ ሰንብቷል፤ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደ ማንም ደህና እጅ ነው። ማን እንደተኮሰ ከሰፈሩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አሮጊቷ ምን እንደሚሉ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ፔርሲዳም አታውቅም።

ሰሃኑን ይዛ ገባች። መጀመሪያ የደረሰው ጋሽ ቶማ ጋ ነበር። ጋሽ ቶማ ሙሉ ዕድሜውን በየዝክሩ ቋሊማ የቀመሰ ሰው ነው፤ ሲቀምስ ሰው አይናገርም። ቁራጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ አነሣው። ብርሃኑ በሥጋው አልፎ አፍንጫው ላይ ቀይ ሆኖ አረፈ። ከዚያ ጎረሰው። አላመጠ። ራኪያ አረቄውን ጠጣበት። ሌላ ቁራጭ አነሣ።

«እህ?» አለችው ቫስካ።

«ቆይ፣ አታዋክቢኝ።»

ሦስተኛውን ሲያነሣ ወደ ቤቱ እመቤት ዞረ።

«እትዬ ሩሳንዳ፣ የማን እጅ ነው?»

ፔርሲዳ ሰሃኑን ይዛ ቆመች። ዓይኗን ሰሃኑ ላይ ተከለች። እማማ ሩሳንዳ እየበሉ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳይጨርሱ የማይናገሩ ሴት ናቸው፣ ጥርሳቸውም ጥቂት ነው። ጠበቅናቸው። አላመጡ። ዋጡ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«የሷ ነዋ!» አሉ፤ ወደ ፔርሲዳ በአገጫቸው እያመለከቱ። «የማን ሊሆን ኖሯል?»

«የሜዳዋ?» አለ ጋሽ ቶማ።

«የምን ሜዳ?» ብለው ጠረጴዛውን በዚያ በዳነ እጃቸው መቱት። «የዚሁ የቲያባራ ናት! እንዲያው በስሕተት ሜዳ ላይ ተወለደች እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ቶማ ራኪያው ትን አለው። ቫስካ ጀርባውን እየደቃች ራሷ በሳቅ ታለቅሳለች። ስሬትኮ እናቱን ሊስም ሲያጎነብስ፣ «ሂድ ወዲያ፣ መስታወታም!» ብለው ገፈተሩት። ፔርሲዳ ሰሃኑን እንደያዘች ነው፤ መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፍኖ የሚታያት ነገር የለም፤ ሰሃኑ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«በርበሬው በዝቷል» አሉ እማማ ሩሳንዳ፤ ፈጥነው።

«አልበዛም እማማ።»

«በዝቷል አልኩሽ! ለመጪው ዓመት ትቀንሺያለሽ።»

ለመጪው ዓመት! ሰማችሁ? ፔርሲዳም ሰምታለች፤ «እሺ» ብላ ወጥ ቤት ገባች። ሰሃን ልትሞላ ነው ብለን ስንጠብቅ ቆየች። ቫስካ ተከትላት ገባችና በሹክሹክታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ነገ ብቅ በይና የኔን ቋሊማ እይልኝ፤ አንድ ጎኑ አላምር ብሎኛል» ስትላት እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ቃል በቃል ነው የሰማሁት። ፔርሲዳ ዓይኗን በመጎናጸፊያዋ እየጠረገች «መስኮት ዘግተሽበት ነው?» ስትል ጠየቀቻት፤ ልክ እንደ አሮጊቷ በጎተተ ድምፅ!

ዛሬ ጠዋት እኔ ለወፍጮ ቤቱ ነግሬያለሁ፣ ለዳቦ ጋጋሪው ነግሬያለሁ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩም በመስኮት ነግሬያለሁ። ማዶ ፓዛር ሰፈር ግን ፀጉር ሠሪዋ ዳንካ ሳትሰማ ልትቀር ነው፤ እሷ ካልሰማች ደግሞ ከተማው ሰማ አይባልም። ሱቋ ሊከፈት ነው፣ ድልድዩም በረዶ ይዞ ያንሸራትታል። ቫስካ ቀድማኝ ሳትደርስ ልሂድ!